የወታደር መዝገብ ለገበያ አይቀርብም!

በሰሜን ምሥራቅ ሲያትል፣ ሳንድ ፖይንት ዌይ ላይ፣ በ1940ዎቹ የባሕር ኃይል መጋዘን ሆኖ የተሠራ፣ ለዓይን የማይስብ አንድ ሕንፃ አለ። ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሲያትል ቅርንጫፍ ነው። በጃንዋሪ 2020 በዋይት ሐውስ ሥር ያለው የአስተዳደርና የበጀት ቢሮ ሕንፃው ከነቦታው እንዲሸጥ፣ በውስጡ ያሉት መዝገቦችም ተጭነው ገሚሱ ወደ ሚዙሪዋ ካንሳስ ሲቲ፣ ገሚሱ ወደ ካሊፎርኒያዋ ሪቨርሳይድ እንዲሄዱ የቀረበለትን ሐሳብ አጸደቀ። ከሲያትል በስተደቡብ ካለችው ከእኛዋ ዴ ሞይን ተነስቶ መንገዱ ካልተጨናነቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደረስበት መዝገብ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ሆቴል ይዞ የሚታይ ሊሆን ነበር።

የዝግጅት ክፍላችን ፍርድ አጭር ነው። ያ ውሳኔ ጥፋት ነበር። መሻሩ ትክክል ነበር። ጥፋቱን የወለደው አስተሳሰብ ግን ከቦታው አልተነሳም፤ እኛ የዚህ አካባቢ ኢትዮጵያውያንም ጉዳዩ የሌላ ሰው እንደሆነ ቆጥረን ዳር ቆመን ማየታችን ከተጠያቂነት አያድነንም።

“ለሐበሻ ምኑ ነው?” የሚል አንባቢ መኖሩን እናውቃለን። መልሱ በኮሪያ በኩል ይመጣል። መጀመሪያ የሲያትሉን መዝገብ ባለቤቶች ጉዳይ እንጨርስ። (የአሜሪካውን ዘመን በፈረንጆች፣ የአገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈናል።)

በሳንድ ፖይንቱ ሕንፃ ውስጥ ያለው ከዋሽንግተን፣ ከኦሪገንና ከአይዳሆ የተሰበሰበ የፌዴራል መዝገብ ነው። የአላስካም አለበት፤ የአንኮሬጁ ቅርንጫፍ በ2014 ሲዘጋ የዚያ ስቴት ወረቀት ተጭኖ ወደ ሲያትል መጥቷል። የአላስካ ነባር ሕዝቦች መዝገባቸው አንዴ ከአገሩ ተነቅሎ ሳያበቃ ለሁለተኛ ጊዜ ሊነቀል ነበር ማለት ነው። የነባር ጎሣዎች የመሬትና የአሣ ማጥመድ መብት ሰነድ፣ ቻይናውያን እንዳይገቡ በሚከለክለው ሕግ ዘመን ወደብ ላይ የተመረመሩ ሰዎች ማኅደር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቤታቸው ተለቅመው ካምፕ የገቡ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ጉዳይ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ሽያጩን ያዘጋጁት ሰዎች ጎሣዎቹን አላማከሩም፤ በዚህ አካባቢ አንድም ሕዝባዊ ስብሰባ አልጠሩም። ቦታው ሰፊ፣ ሠፈሩ ውድ፣ ሕንፃው አሮጌ ነው፤ ሒሳቡ እዚያ ላይ አበቃ። በጃንዋሪ 2021 የወቅቱ የዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቦብ ፈርጉሰን ከኦሪገን ስቴት፣ ከሁለት ደርዘን በላይ ከሚሆኑ ጎሣዎችና ከማኅበራት ጋር ሆነው ከሰሱ። ፌብሩዋሪ 12 የፌዴራሉ ዳኛ ሽያጩን አገዱ። ኤፕሪል 8 ቢሮው ራሱ፣ በአዲሱ አስተዳደር፣ ከጎሣዎቹ ጋር ምክክር አለመደረጉን ጠቅሶ ማጽደቂያውን ሳበ።

ያሳዘነን አንድ ነገር አለ። ይህች አገር ስለ መንግሥት መዝገብ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ወታደር ወረቀት፣ መጠንቀቅን መማር የነበረባት ገና በልጅነቷ ነው። በኖቬምበር 8፣ 1800፣ መንግሥቱ ወደ ዋሽንግተን ከተማ በተዛወረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የጦር ሚኒስቴሩ ቢሮ ተቃጠለ። የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት የወታደር ስም ዝርዝር፣ የስንቅና የደመወዝ ሰነድ፣ ሚኒስቴሩ እስከዚያ ቀን የተጻጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል አመድ ሆነ። በ1814 ደግሞ እንግሊዞች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከተረፈው ላይ ሌላ ጎደለ።

የጉዳቱ ልክ የታወቀው አርበኞቹ ሲያረጁ ነው። ኮንግረስ በ1818 ለችግረኛ አርበኞች፣ በ1832 ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር ለዘመተ ሁሉ ጡረታ ሲፈቅድ፣ ማን እንደዘመተ የሚያሳይ የተሟላ መዝገብ በመንግሥት እጅ አልነበረም። ስለዚህ ሽማግሌው በከዘራው እየተደገፈ ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ሄዶ ይምላል። ማን አስመዘገበህ? አዛዥህ ማን ነበር? የትኛው ወንዝ ጋ ተዋጋህ? እሱ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ማንበብና መጻፍ የማይችለውም፣ ጥቁሩ ወታደርም፣ ቃሉ በዚህ መንገድ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ባልቴቷ ደግሞ ጋብቻዋን ማስረዳት አለባት፤ የጋብቻ ወረቀት የላትም፤ ከቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የጋብቻውና የልጆቹ ልደት የተጻፈበትን ገጽ ቀድዳ ትልካለች። ከጦር ሜዳ የተላከ ደብዳቤ ያላት ደብዳቤውን ትልካለች። እነዚያ ገጾች ዛሬም በማኅደሩ ውስጥ አሉ፤ ከመጽሐፉ የተገነጠሉበት ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። የነፃነቱ ጦርነት የጡረታና የመሬት ይሰጠኝ ማኅደር ወደ 80,000 ይጠጋል። መንግሥት ያጣውን ማስረጃ ያወጣው የድሃው ቤት ሣጥን ነው።

በ1990ዎቹ ቴዎዶር ክራክል የተባለ የታሪክ ሰው ሌላውን ግማሽ፣ የተቃጠለውን የሚኒስቴሩን ደብዳቤ፣ ሊፈልግ ተነሳ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሚኒስቴሩ የጻፈውን ደብዳቤ የተቀበለ ሰው አለ፣ ሚኒስቴሩ የተቀበለውን የጻፈው ሰው ደግሞ ቅጂ አስቀርቶ ይሆናል። ከ200 በላይ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ተፈትሸው ከ40,000 በላይ ሰነድ ተገኘ፤ ዛሬ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ለማንም በነፃ ክፍት አድርጎታል። የሁለት መቶ ዓመት ጥፋት ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተጠገነ። የተጠገነው ግን ወረቀቱ በብዙ ቦታ፣ በብዙ እጅ ተበትኖ ስለነበረ ነው። ሲያትልን ዘግቶ ሁሉንም ወደ ሁለት ሩቅ ከተሞች ማጎር የዚህ ተቃራኒ ነው።

ስለ ወታደር ወረቀት ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ደብዳቤውን ነው፤ ናፍቆቱን፣ ስንብቱን። እኛ ግን ለስንቅ መዝገቡ እናደላለን። በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሲያደርግ የኖረ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ምክንያቱን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ደብዳቤ ስሜትን ይናገራል፤ የገቢና ወጪ ሰነድ ግን ማን እንደበላና ማን እንዳስራበ ይናገራል። ጆርጅ ዋሽንግተን በዲሴምበር 1777 ከቫሊ ፎርጅ ሰፈር ለኮንግረስ ሲጽፍ ወታደሮቼ ተቸገሩ ብሎ አላቆመም፤ ጫማና ልብስ አጥተው ለግዳጅ መሰለፍ ያልቻሉት 2,898 መሆናቸውን ቁጥሩን አስቀመጠ። በወረቀት ላይ ለወታደሩ በቀን አንድ ፓውንድ ሥጋና አንድ ፓውንድ ዳቦ ከ1775 ጀምሮ ተፈቅዶለት ነበር። በተፈቀደውና በደረሰው መካከል ያለውን ክፍተት ያለ መዝገብ ማን ያሳየናል?

ከዚህ የጠነከረው ምሳሌ የ1791ዱ ነው። ጄኔራል አርተር ሴንት ክሌር ዛሬ ኦሃዮ በሚባለው አገር የነባር ሕዝቦችን ኅብረት ሊወጋ ወጥቶ ኖቬምበር 4 ጎህ ሲቀድ ተከበበ። ትንሿ ኤሊና ሰማያዊ ጃኬት የተባሉት የጦር መሪዎች ሠራዊቱን ደመሰሱት፤ ከ600 በላይ ወታደር ሞተ። አገሩ ተቆጣ፤ ጥፋቱ ሁሉ በጄኔራሉ ላይ ሊደፈደፍ ተቃረበ። የተወካዮች ምክር ቤት ግን አንድ ኮሚቴ አቋቁሞ የጦር ሚኒስትሩን ሄንሪ ኖክስን ሰነድ አምጣ አለው። ምክር ቤት መንግሥትን እንዲህ ሲመረምር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ሚኒስትሮቹን ሰብስቦ መከረ፤ አንዳንድ ሰነድ መከልከል መብታችን ነው፣ ይሄን ግን እንስጥ ተባለ። ቅጂው ተሰጠ።

ወረቀቱ ሲገለበጥ ፍርዱ ዞረ። ባሩዱ ደካማ፣ ድንኳኑ ዝናብ የሚያስገባ፣ ጫማው በሳምንታት የሚያልቅ ነበር። የስንቁን ውል የያዘው ዊሊያም ዱየር የተባለ ነጋዴ ገንዘቡን ወደ ግል ንግዱ አዙሮታል፤ ኋላም በዕዳ እስር ቤት ገባ። የስንቅና ትጥቁ አለቃ ሳሙኤል ሆጅደን ዕቃውን በጊዜው አላደረሰም። ኮሚቴው በ1792 ጄኔራሉን ከጥፋተኝነት ነፃ አውጥቶ ጣቱን ወደ አቅራቢዎቹና ወደ አስተዳደሩ ቀሰረ። ቀጥሎ ሚኒስትሩና የስንቅ አለቃው እንደገና ይታይልን ብለው ጮኹ፤ ሹም መቼም ሹም ነው። ይሁንና አንድ ሻንጣ ደረሰኝ የአንድን አገር ፍርድ ማዞሩ አልቀረም። እነዚያ ዋና ቅጂዎች ከስምንት ዓመት በኋላ በእሳቱ ሄዱ፤ ታሪኩን የምናውቀው በሌላ እጅ በተረፈው ነው።

ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። ከዴ ሞይን ኮረብታ በስተምሥራቅ የሚታየው የኬንትና የኦበርን ሸለቆ በ1855 እና በ1856 የጦር ሜዳ ነበር። ገዥው አይዛክ ስቲቨንስ ጎሣዎቹን ከመሬታቸው ያስነሳ ውል ካስፈረመ በኋላ ጦርነቱ ተነሳ። በዲሴምበር 1855 ዊሊያም ስሎተር የሚባል መቶ አለቃ በዚያው ሸለቆ ተገደለ፤ ኦበርን ከተማም እስከ 1893 ድረስ በስሙ ስሎተር ትባል ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛ ዕርድ ስለሚመስል ነዋሪው አልተመቸውም፤ ቀየረው። የዚህ ጦርነት የበጎ ፈቃድ ዘማቾች ወረቀት በስቴቱ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ። ገበሬው ፈረሱን፣ ነጋዴው ዱቄቱንና ብርድ ልብሱን ለዘማቹ ሰጥቶ በምትኩ የተቀበለው ገንዘብ ሳይሆን ደረሰኝ ነው፤ የሻጩ ስም፣ የዕቃው ልክ፣ ዋጋው፣ የተረካቢው ሹም ፊርማ። የፌዴራሉ መንግሥት ሒሳቡን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ ዋጋው ተጋኗል ብሎ ብዙውን ቆርጦ ነው የከፈለው። ጦርነት ለማን ገበያ እንደነበረ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እነዚያን ደረሰኞች ይቁጠር።

ከዚሁ ጦርነት የወጣው ትልቁ ፍርድ ግን የሌሺ ነው። በሲያትል ሌሺ የሚባለውን ሠፈር የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ከሴንትራል ዲስትሪክት ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሲወረድ ያለው ነው። ሌሺ የኒስኳሊ ጎሣ መሪ ነበር። አብራም ሞዝስ የተባለ የሚሊሺያ መኮንን በጦርነቱ ውስጥ ተገድሎ ሌሺ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። የመጀመሪያው የዳኞች ጉባኤ መስማማት አቃተው፤ በሁለተኛው ተፈረደበት፤ ፌብሩዋሪ 19፣ 1858 ተሰቀለ። የአሜሪካ መደበኛ ጦር መኮንኖች ፍርዱን አልተቀበሉም ነበር፤ በጦር ሜዳ የሞተ የጦር ሰው ነው፣ ይሄ ነፍስ ግድያ አይባልም አሉ። ከእነሱ አንዱ መቶ አለቃ ኦገስት ካውትዝ በአፍ ብቻ አላበቃም። ቦታው ድረስ ሄዶ መንገዱን ለካ፣ ካርታ አነሳ፤ ምስክሩ ባለው ጊዜ ሌሺ እዚያ ሊደርስ እንደማይችል በካርታው አሳየ። ካርታው በወቅቱ በታተመች አንዲት ትንሽ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሌሺን አላዳነውም።

ካርታው ግን አልጠፋም። በዲሴምበር 10፣ 2004 በዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ጌሪ አሌክሳንደር የሚመራ የታሪክ ችሎት ታኮማ ላይ ተሰይሞ፣ ሌሺ ገድሎም ከሆነ በጦርነት የተፈጸመ ስለሆነ መከሰስ አልነበረበትም ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። ከተሰቀለ 146 ዓመት አልፎት ነበር። ችሎቱ የሕግ ጉልበት እንደሌለው እናውቃለን፤ ለኒስኳሊ ልጆች ግን ባዶ ሥነ ሥርዓት አልነበረም። የዚያ ዘመን ወረቀት በሥነ ሥርዓት ተጠብቆ እዚሁ አካባቢ ባይገኝ ችሎቱ ምን ይዞ ይቀመጥ ነበር?

አሁን ወደ ኮሪያ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት የላከችው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሳ። ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። ኮሪያ ሲደርሱ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፉ። በየተራ በዘመቱት ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ሞተ፣ ከ500 በላይ ቆሰለ፤ ለጠላት የተማረከ አልነበረም፤ የሞቱትም አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ በየበዓሉ ይነገራል። ብዙ የማይነገረው ወረቀቱ የት እንደሆነ ነው።

ቃኘው የለበሰው፣ የበላው፣ የተኮሰው ከአሜሪካ ግምጃ ቤት የወጣ ነው። ስለዚህ ጥይቱ፣ ካፖርቱ፣ የቆሰለው ሰው የገባበት ሆስፒታል፣ ሌሊት የወጣው የቅኝት ቡድንና ይዞት የመጣው ሪፖርት ከአሜሪካ ጦር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የ7ኛው ክፍለ ጦርና የ32ኛው ሬጅመንት የአዛዦች ሪፖርት ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። የኢትዮጵያዊው ወታደር ታሪክ በሰው ሬጅመንት ቁጥር ሥር ነው ያለው፤ ቁጥሩን የማያውቅ አያገኘውም። ስለ ቃኘው በሰፊው ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱን የጻፈው ኪሞን ስኮርዲሌስ የሚባል ግሪካዊ ጋዜጠኛ ነው፤ የታተመው በ1954 ቶኪዮ ላይ። የአሜሪካው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ማርሻልም ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያኑን የሌሊት ውጊያ ለብቻው ተርኮታል። እንግዳ ሰዎች ጽፈውልናል፤ እግዜር ይስጣቸው። የራሳችን ተቋማትስ?

ክብር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ተበተነ፤ የኮሪያ ዘማቾች የሆኑ መኮንኖቹም አብረው ተበተኑ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተወዳጀ መንግሥት ሥር ደቡብን ሊረዳ የዘመተ ሰው ሜዳሊያውን አውጥቶ አያሳይም። ብዙ አርበኞች በኋላ እንደመሰከሩት ፎቶግራፍ የተቃጠለው፣ ሜዳሊያ የተቀበረው፣ ደብዳቤ የተቀደደው በገዛ እጃቸው ነው፤ ፍተሻ ሳይመጣ። የ1800ውን እሳት ማን እንዳነሳው በእርግጥ አልታወቀም። የእኛን ግን ፍርሃት እንዳነሳው እናውቃለን።

ኢትዮጵያ የጦርን ወጪ መጻፍ የማታውቅ አገር አልነበረችም። አጼ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ እንዳይበላ ብለው ከዐድዋ በፊት አሥራት ያስገቡት፣ የሠራዊት ቀለብ ተለክቶ የሚሰበሰብና የሚከፈል መሆኑን ስላመኑ ነው። የጦር ሚኒስቴር በ1900 ዓ.ም. ሲቋቋም ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የመጀመሪያው ሚኒስትር ሆኑ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት ዝክረ ነገር የቤተ መንግሥቱን የግብር፣ የመሬትና የማዕረግ ሥርዓት እስከ ዝርዝሩ አስቀምጦልናል፤ ያ መጽሐፍ የአንድ ሰው ትጋት ነው። ከዚያ ውጭ ስንቁን ማን ጫነው፣ ማን ፈጨው ብለን ብንጠይቅ የምናገኘው ቃል ነው። አህያ እየነዱ፣ ድንጋይ ወፍጮ ተሸክመው ከሠራዊቱ ጋር የዘመቱት ሴቶች በምንም የገቢና ወጪ መዝገብ ላይ የሉም። ለነሱ አሜሪካም ብትሆን ከእኛ ብዙ አትሻልም፤ በዋሽንግተን ሠራዊት ውስጥ ልብስ ሲያጥቡና ቁስለኛ ሲያስታምሙ የነበሩት ሴቶችም ብዙዎቹ የሚታዩት ራሽን ተቀባይ በሚል ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ፍርዳችን በአገር ቤቱ አሠራር ላይ ነው። ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አዋጅ ቁጥር 179/1991 ደግሞ የአገሪቱን መዛግብት የመሰብሰብና የመጠበቅ ሥልጣን በሕግ ሰጥቶታል። መከላከያ ሚኒስቴር በእጁ ያለውን የቃኘው የስም ዝርዝር፣ የደመወዝ መዝገብና የግዳጅ ሪፖርት ለይቶ ዝርዝሩን ያሳትም፣ ቅጂውንም ለቤተ መዛግብቱ ያስረክብ። ከሰባ ዓመት በፊት የተደረገ የጫማና የካፖርት ወጪ የአገር ምስጢር ሊሆን አይችልም። ዛሬ በቁጥር እጅግ የመነመኑት አርበኞች በሕይወት ሳሉ ይህ ካልተደረገ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ማን እንደሆነ የሚናገር አይኖርም። ኮሪያውያን በቹንቾን ከተማ ሐውልትም፣ የመታሰቢያ አዳራሽም ለቃኘው ሠርተውለታል፤ አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለውን መታሰቢያ ለመሥራትም እጃቸው ነበረበት። ባለውለታው ይህን ያህል ከሄደ፣ ባለቤቱ ማኅደሩን መክፈት እንዴት ይከብደዋል?

ሦስተኛው በእኛው ላይ ነው። ከበርየን ወደ ዴ ሞይን ልጅ ለማድረስ፣ ወደ ሥራ ለመግባት በየቀኑ የምንነዳበት ዴ ሞይን ሜሞሪያል ድራይቭ ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ ስቴት ሄደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ በመንገዱ ዳርና ዳር ኤልም የሚባሉ ዛፎች ተተከሉበት። መንገድ ሲሰፋ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሲያድግ፣ በሽታም ሲገባ አብዛኞቹ ዛፎች አለቁ። የሟቾቹ ስም ግን በመዝገብ ስለነበረ ማኅበረሰቡ መታሰቢያውን ከነታሪኩ ማደስ ቻለ። እኛ በዚሁ መንገድ እየተመላለስን፣ ሲታክና ተክዊላ ባለ አፓርታማችን ቁም ሣጥን ላይ የአያታችን የኮሪያ ፎቶግራፍ በፌስታል ተጠቅልሎ አለ። ከጀርባው የተጻፈውን አንብበን አናውቅም። የማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ አዳራሽ ኪራይ ሁለት ሰዓት እንከራከራለን፤ ስለዚህ ግን አጀንዳ ተይዞ አያውቅም።

ለሽያጩ የቀረበው መከራከሪያ ሁሉ ባዶ ነው አንልም። የሳንድ ፖይንቱ ሕንፃ በእርግጥ አርጅቷል፤ ለወረቀት የሚስማማ ሙቀትና እርጥበት መጠበቅ ገንዘብ ይጠይቃል። “ሁሉንም ስካን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ነው” የሚሉም አሉ። ጥሩ ነው፤ ይደረግ። ነገር ግን ካለው ክምር እስካሁን ስካን የተደረገው ኢምንት ነው፤ ስካኑን ሳይጨርሱ ሕንፃውን መሸጥ ደግሞ ፈረሱ ሳይገዛ ኮርቻውን መሸጥ ይሆናል። ደግሞም አንድ ማሽን ውስጥ ያለ ብቸኛ ቅጂ ከአንድ ሣጥን ውስጥ ካለ ብቸኛ ቅጂ አይሻልም። በጁላይ 12፣ 1973 ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለው የወታደሮች የግል ማኅደር ማዕከል ሲቃጠል ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ጠፋ፤ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች 80 በመቶው ማኅደሩ አልተገኘም፣ ምትክ ቅጂም አልነበረም። ከቃኘው ጎን የተዋጉት አሜሪካውያን ማኅደርም እዚያ ውስጥ ነበር። ዛሬ አርበኛው መብቱን ሲጠይቅ አገልግሎቱን ከሚያረጋግጡለት ወረቀቶች አንዱ የመጨረሻ ደመወዙን የተቀበለበት ሰነድ ነው፤ እሱ የተረፈው በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ስለነበረ ነው። እንደገና የሒሳብ ወረቀት ሰውን አዳነ።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለሰሜን ምዕራቡ መዝገብ እዚሁ ሰሜን ምዕራብ የሚስማማ ቤት ይሥራ፤ ሕንፃውን ይሽጥ ካለም አዲሱ ቤት ተሠርቶ፣ ወረቀቱ ገብቶበት፣ ጎሣዎቹ ተስማምተው ይሁን። የኮንግረስ ተወካዮቻችን በዚህ ላይ በሕግ የታሰረ ዋስትና ያምጡ፤ የአንድ አስተዳደር ደብዳቤ የሻረውን የሌላ አስተዳደር ደብዳቤ ሊመልሰው ይችላል። በሲያትልና በደቡብ ኪንግ ካውንቲ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች አንድ የጋራ ኮሚቴ አቋቁመው ከየቤቱ ያለውን የወታደር ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የደመወዝ ደብተርና የምስክር ወረቀት ቅጂ ያንሱ። ዋናው ከባለቤቱ ቤት አይውጣ። አንዱ ቅጂ ለዚህ አካባቢ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለወመዘክር፣ አንዱ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሂድ።

አባቱ ወይም አያቱ ኮሪያ የዘመተ ቤተሰብ ኮሚቴው እስኪቋቋም መጠበቅ የለበትም። ወደ ኮሌጅ ፓርክ የሚላከው ጥያቄ ላይ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት፣ የኢትዮጵያ ሻለቃ ተብሎ ይጻፍበት፤ የዘመተበት ወርና ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ተቀይሮ ይግባበት። ወሩ ካልታወቀ ከፎቶግራፉ ጀርባ ይታይ። የሰውየው ስም በእንግሊዝኛ በሦስት በአራት ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል ሁሉም አጻጻፍ ይዘርዘር፤ ማዕረጉና የቆሰለበት ቦታ ከታወቀም ይጨመር።